ባዶ አፎት

በመጻሕፍት መደርደሪያዬ ላይ፣ በአንድ ዳዊትና በአንድ አሮጌ መዝገበ ቃላት መካከል፣ ባዶ የሽጉጥ አፎት ተቀምጧል። ቆዳው ደርቋል፤ ስፌቱ ሁለት ቦታ ላይ ተተርትሯል፤ ግራጫ አረንጓዴ ቀለሙም ከጠርዙ ተልጦ የቆዳው ቡናማ መልክ ብቅ ብሏል። ሽጉጡ የለም። አያቴ በአርበኝነት ዘመናቸው ከአንድ የጣልያን መኮንን የማረኩት ሽጉጥ ነበር፤ በደርግ ዘመን መሣሪያ አስረክቡ በተባሉ ጊዜ በእግራቸው ሄደው አስረከቡት። ተረካቢው አፎቱን ሳይጠይቃቸው ቀረ፤ እርሳቸውም ሳይሰጡት ቀሩ። «ጥርሱን ወሰዱት፤ አፉን ተዉልኝ» ይሉ ነበር እየሳቁ። ሳቁ ግን የልብ ሳቅ እንዳልነበረ በልጅነቴም ይገባኝ ነበር።

አያቴ ስለ ሽጉጡ ዓይነት አንድም ቀን አልነገሩንም። ለእርሳቸው «የጣልያን ሽጉጥ» ብቻ ነበር። እርሳቸው ካረፉ በኋላ ግን አንድ ጥያቄ ያዘኝ፤ በዚህ ባዶ ቦታ ውስጥ የኖረው ምን ነበር? መልሱን የነገሩኝ የታሪክ ምሁራን አልነበሩም። የነገሩኝ የጥንት ወታደራዊ መሣሪያ የሚሰበስቡ ሰዎች ናቸው። እነዚህ ሰዎች ቆዳን እንደ ብራና ያነባሉ። በአፎቱ ፊት ለፊት የተሰፋችውን ትንሽ ኪስ አሳዩኝ፤ ትርፍ የጥይት ካዝና መያዣ ናት። እንግዲያው የነበረው ስድስት ጎራሹ የ1889 እ.ኤ.አ. ቦዴዮ ሊሆን አይችልም፤ ያ ተሽከርካሪ ሽጉጥ ካዝና የለውምና። የአፎቱ እጥረት፣ የቀለሙ ዓይነት፣ የኪሱ ልክ ተደማምሮ ወደ አንድ ስም ወሰደን፤ የ1934 እ.ኤ.አ. ቤሬታ።

ቤሬታ 34 ከስንዝር ያነሰች፣ አጭሩን 9 ሚሊ ሜትር ጥይት ሰባት የምትጎርስ ሽጉጥ ናት። ሰብሳቢዎች የሚፈልጓት ስለ ኃይሏ አይደለም፤ በብረቷ ላይ ሁለት ዘመን ስለ ተቀረጸባት ነው። አንደኛው የአውሮፓውያን ዓመተ ምሕረት ነው። ሁለተኛው በሮማ ቁጥር የተጻፈው የፋሺስት ዘመን ነው፤ ከጥቅምት 1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚቆጠር። ሙሶሊኒ ዘመንን ከራሱ ሊያስጀምር ፈለገ፤ ሐምሌ 1943 እ.ኤ.አ. ከሥልጣን ሲወርድ ግን ቆጠራው ገና 21ኛው ዓመት ላይ ነበር። ከብዙ ትልልቅ መጻሕፍት ይልቅ የዚያን ሥርዓት ትዕቢትና ዕድሜ ያስረዳኝ ይህ በአንዲት ሽጉጥ ጎን ላይ ያለ ጥቂት ፊደል ነው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከአፎት አልፎ ወደ ቋንቋ ወሰደኝ። አንባቢ ሆይ፣ እኛ ኢትዮጵያውያን የጦር መሣሪያ ቤተ መዘክር ሳንሠራ በፊት በአንደበታችን ውስጥ ሠርተናል። ሽማግሌዎቻችን በፉከራና በቀረርቶ የሚጠሯቸውን ስሞች አንድ በአንድ ብንፈታቸው የአንድ መቶ ዓመት ታሪክ እናገኛለን።

ሰናድር የእንግሊዙ ስናይደር ነው። በአፈሙዙ ይጎርስ የነበረውን ጠብመንጃ ከኋላ እንዲጎርስ አድርገው ያደሱት በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በጦርነት ከተፈተነባቸው የመጀመሪያ ሜዳዎች አንዱ የእኛው እሮጌ ነው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. የጄኔራል ናፒየር ወታደሮች የዐፄ ቴዎድሮስን ሠራዊት የመቱት በእርሱ ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ንጉሡ መቅደላ ላይ በገዛ ሽጉጣቸው ሕይወታቸውን አሳለፉ፤ ሽጉጡም ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላከ ስጦታ እንደ ነበር ይነገራል።

ረሚንግተን የአሜሪካ ሥራ ነው፤ ወደ እኛ ግን በብዛት የገባው በግብፆች ትከሻ ነው። በ1868 ዓ.ም. የኬዲቭ እስማኤል ጦር በጉንደትና በጉራዕ ሲሸነፍ፣ የዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት ያንን ዘመናዊ መሣሪያ በገፍ ማረከ።

ውጅግራ የፈረንሳይ ነው፤ «ፉዚ ግራ» ከሚለው አጠራር የወጣ፣ 11 ሚሊ ሜትር የሚተኩስ፣ አንድ በአንድ የሚጎርስ የ1874 እ.ኤ.አ. ጠብመንጃ። ፈረንሳዮች በ1886 እ.ኤ.አ. ጭስ አልባ ባሩድ የሚተኩሰውን ለቤል ባወጡ ጊዜ ውጅግራ በአገሩ አረጀ፤ በቀይ ባሕር ወደቦች በኩል ግን አዲስ ሕይወት አገኘ። ባለቅኔው አርተር ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ወደ ሸዋ በግመል ጭኖ ያመጣቸው ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጉ ጠብመንጃዎች ከዚያም የከፉ አሮጌዎች ነበሩ። አውሮፓ የጣለውን እኛ ገዛን፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ አውሮፓን ያሸነፍነው አውሮፓ በጣለው ብረት ጭምር ነው።

ምንሽር የኦስትሪያው ማንሊኸር ነው። በልጅግ ስሙ እንደሚናገረው የቤልጅግ ነው፤ የክብር ዘበኛን ያሠለጠኑት የቤልጅግ መኮንኖች በመጡበት፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ በተከበረበት ዘመን የተገዛ። በእነዚህ ጠብመንጃዎች ብረት ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀርጿል። ዛሬ በውጭ አገር ሰብሳቢ ዘንድ ያለ አንበሳው ብዙም የማይፈለግ ጠብመንጃ በአንበሳው ምክንያት ይወደዳል።

ከሰብሳቢዎች ሣጥን ውስጥ ካየኋቸው ሁሉ ልቤን የነካው ግን የጦር ሜዳ መሣሪያ አልነበረም። የልጅ ጠብመንጃ ነበር። ፋሺስቶች በ1926 እ.ኤ.አ. ባሊላ የተባለውን የልጆች ድርጅት ካቋቋሙ በኋላ፣ ከ8 እስከ 14 ዓመት ላሉ ወንዶች ልጆች የሠራዊቱን ካርካኖ አሳንሰው ሠሩላቸው። ሰደፉ ለልጅ ትከሻ፣ ምላጩ ለልጅ ጣት የተለካ ነው፤ በአፈሙዙ ሥር የሚታጠፍ ትንሽ ሳንጃ አለው። ባነሣሁት ጊዜ እንደ መጫወቻ ቀለለኝ፤ ያስፈራኝም ቅለቱ ነው። በ8 ዓመቱ ያንን ተሸክሞ የተሰለፈ ልጅ በ18 ዓመቱ እኛ ዘንድ ሊመጣ ይችል ነበር። ከዚህ ወገን ደግሞ የሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1927 ዓ.ም. ነው፤ የስዊድን መኮንኖች ያሠለጠኗቸው ወጣቶች ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ጦርነቱ ደረሰባቸው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በ1928 ዓ.ም. የጥቁር አንበሳን ጦር መሠረቱ። አንዱ ወገን ከሕፃንነቱ ለወረራ ሲሰለጥን፣ ሌላው አገሩን ለመጠበቅ አንድ ዓመት ተኩል እንኳ አልተሰጠውም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ባለፉት ዓመታት ከኢትዮጵያ መጋዘኖች የወጡ እጅግ ብዙ አሮጌ የጦር መሣሪያዎች በአሜሪካ ነጋዴዎች በኩል ለሰብሳቢዎች ተሽጠዋል። ውጅግራው፣ ካርካኖው፣ ረሚንግተኑ፣ አንበሳ ያለበት በልጅጉ፣ የጣልያን ቤሬታው፣ ሁሉም። በዚያ አገር ሕግ ከ1899 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራው እንደ ቅርስ ዕቃ ስለሚቆጠር፣ የዓድዋ ዘመን ጠብመንጃ ገዝቶ ግድግዳ ላይ መስቀል አስቸጋሪ አይደለም።

በአንድ የጥንት መሣሪያ ትርኢት ላይ አንድ ሸበቶ አሜሪካዊ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጦ አገኘሁት። ከየት እንደ መጣሁ ሲሰማ ዓይኑ በራ፤ ከጠረጴዛው ሥር ውጅግራ አወጣና ሰደፉን ወደ እኔ አዞረ። «ይህን ጽሑፍ የሚያነብልኝ ሰው ስፈልግ ኖርሁ» አለኝ። በጩቤ ጫፍ የተቀረጸ የእኛ ፊደል ነበር። «ወልደ» ይላል፤ ቀጣዩ በብዙ እጅና በብዙ ዘመን ታሽቶ ጠፍቷል። ወልደ ማን? ወልደ ሚካኤል፣ ወልደ ጊዮርጊስ፣ ወልደ ሥላሴ? ያነበብሁትን ነገርሁት፤ ሰውየው በትንሽ ማስታወሻ ደብተር በጥንቃቄ ጻፈው። ከዚያም ቃሉ የሰው ስም መጀመሪያ እንደ ሆነ ሳስረዳው ዝም አለ፤ እጁንም ከሰደፉ ላይ አነሣ።

መጀመሪያ የተሰማኝ ቁጣ ነበር። ይህ ጠብመንጃ እዚህ ምን ይሠራል? ከመቅደላ በእንግሊዞች የተጋዘው ቅርስ እንዲመለስ ስንጮህ ኖረናል፤ የዐፄ ቴዎድሮስ የፀጉር ጕንጕን እንኳ ከለንደን የተመለሰው በ2011 ዓ.ም. ነው። ያ ግን ተዘርፎ ነው። ይህ ተሽጦ ነው። ስለ ተዘረፈው መጮህ ይቀላል፤ ስለ ሸጥነው ግን ማንን እንከስሳለን?

ከቁጣው በኋላ የመጣው ሐሳብ ግን አስቸገረኝ። ሰውየው ዝገቱን በዘይት እየጠረገ ወራት ፈጅቷል። ቁጥሩን መዝግቧል፤ የተሠራበትን ዓመት አጣርቷል፤ አንድ የማያውቀውን ቃል ለማንበብ ሰው ሲጠብቅ ኖሯል። እኛስ? የአያቴን ሽጉጥ ቁጥር የሚያውቅ በቤታችን ማን አለ? የት ቦታ፣ በየትኛው ውጊያ እንደ ተማረከ የጻፈ ማን አለ? በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሲከፈት ብዙዎቻችን ደስ ብሎናል፤ ደስታው ተገቢ ነው። ነገር ግን አንድ ጠብመንጃ የማን እንደ ነበረ ካልታወቀ በመስተዋት ውስጥም ቢቀመጥ ያው ብረት ነው። ሰብሳቢዎች አንድን ዕቃ ከመሰሎቹ የሚለየው ከእርሱ ጋር የተላለፈው ታሪክ ነው ይላሉ፤ ብረቱን ያጣ ሰው ታሪኩን ሊጠብቅ ይችላል፤ ታሪኩን ያጣ ግን ብረቱን ቢይዝም ምንም አልያዘም።

ሰውየው የሚሸጥ ቤሬታ 34 እንዳለው ነግሮኝ ነበር፤ እርስዋም ከኢትዮጵያ የመጣች ናት። ለአፎቱ ልክ ትሆናለች። ለአፍታ እጄ ወደ ኪሴ ሄደ። ከዚያ ግን ተውሁት፤ ያቺ ሽጉጥ የሌላ ሰው ናት፤ በሌላ ሰው ወገብ የኖረች፣ ምናልባትም በሌላ አያት የተማረከች። በአያቴ አፎት ውስጥ ባስገባት ሁለቱንም አስዋሻለሁ።

ቤት እንደ ገባሁ እናቴ ዘንድ ደወልሁና ስለ አያቴ የምታውቀውን ሁሉ ጠየቅኋት። የዘመቱበትን ወንዝ፣ አብረዋቸው የነበሩትን ሰዎች፣ ሽጉጡን ለማስረከብ የሄዱበትን ቀን ምን እንደ ለበሱ ሳይቀር ነገረችኝ። በአንድ ወረቀት ላይ ጽፌ፣ አራት አጥፌ፣ አፎቱ ውስጥ አኖርሁት።

እናንተም ዘንድ ዝናር፣ ቀለህ፣ የተሰበረ ሰደፍ ወይም ባዶ አፎት ካለ፣ የሚያውቁት ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ጠይቁ፤ ጻፉም። ቸር እንሰንብት።