ገመዱ ተቀየረ፣ ፕሮግራሙስ?

የሁለተኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪ ሳለሁ አንድ አጎቴ መለዋወጫ ሱቁ ድረስ ጠራኝ። አሮጌው ኮምፒውተር ተበላሽቶ አዲስ ገዝቷል፤ ፕሪንተሩም አዲስ፣ ባለ ዩኤስቢ ነው። የዊንዶውስን የሙከራ ገጽ ቆንጆ አድርጎ ያትማል። በዶስ ዘመን የተጻፈው የዕቃና የሽያጭ ፕሮግራም ግን «ፕሪንተሩ ዝግጁ አይደለም» ብሎ ድርቅ አለ። የአሥር ምናምን ዓመት መዝገብ ያለው እዚያ ውስጥ ነው፤ የጻፈው ልጅ ደግሞ አገር ውስጥ የለም። «ኢንጂነር ነኝ አላልክም እንዴ?» አለኝ ጋሼ። ያን ቀን አፍሬ ተመለስኩ።

ነገሩን ለመረዳት ወደ 1970 (እ.ኤ.አ.) መመለስ ያስፈልጋል። ሴንትሮኒክስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ያኔ ሞዴል 101 የተባለ ፕሪንተር አወጣ። ፕሪንተሩ ተረሳ፣ የገመዱ አሠራር ግን ቀረ። ስምንት ሽቦዎች የአንድን ፊደል ስምንት ቢት ጎን ለጎን ይሸከማሉ፤ ፓራለል የተባለውም ለዚህ ነው። አንድ ሽቦ ከፕሪንተሩ በኩል «ሥራ ላይ ነኝ፣ ቆይ» ይላል። ሌላው ከኮምፒውተሩ በኩል «ፊደሉን አስቀምጫለሁ፣ ውሰድ» የሚል አጭር ምት ይልካል። በቃ፣ ይኸው ነው። አይቢኤምም በ1981 ፒሲውን ሲያወጣ ይህንኑ አሠራር ያዘ።

ለፕሮግራም ጸሐፊ ይህ ገነት ነበር። በዶስ «ኤልፒቲ1» እንደ ተራ ፋይል ይቆጠራል፤ የጻፍክበት ሁሉ ወረቀት ላይ ይወጣል። ትዕግሥት ያጣው ደግሞ ዶስንም አልፎ፣ ብዙ ጊዜ በሄክሳዴሲማል 378 በሆነው አድራሻ፣ ሽቦዎቹን በቀጥታ ያዛል።

የመጀመሪያው የዩኤስቢ ደንብ በ1996 ወጣ። እዚህ ላይ የተለወጠው ሶኬቱ ብቻ አይደለም። የዩኤስቢ ፕሪንተር ኮምፒውተሩ ካልጠየቀው አይናገርም፣ መረጃው በጥቅል በጥቅል ይሄዳል፣ መለያ ቁጥሩንም የሚያገኘው ሲሰካ ነው። ይህን ሁሉ የሚያስተዳድረው ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ነው። 378 ላይ ማንም የለም፤ የአጎቴ ፕሮግራም ባዶ ቤት ያንኳኳ ነበር።

ብዙ ሰው (እኔም ጭምር) ከዩኤስቢ ወደ ፓራለል የሚቀይር ገመድ ገዝቶ ገንዘቡን ያባክናል። ገመዱ ለኮምፒውተሩ ራሱን የሚያስተዋውቀው እንደ ዩኤስቢ ፕሪንተር ስለሆነ የድሮውን አድራሻ አይፈጥርም።

የሠራልን መላ ሌላ ነው። ፕሪንተሩን በኔትወርክ እንደሚጋሩት አድርጎ ሰይሞ፣ «ኔት ዩዝ» በሚባለው የዊንዶውስ ትእዛዝ ኤልፒቲ1ን ወደዚያ ማዞር። ይህም የሚያዋጣው ፕሮግራሙ በዶስ በኩል የሚልክ ከሆነ ብቻ ነው፤ ሽቦውን በቀጥታ የሚያዝ ከሆነ ይህ መላ አይጠቅምም። የአጎቴ፣ ደግነቱ፣ በዶስ በኩል ነበር። ግን እንደገና እንቅፋት ገጠመን፦ አዲሱ ርካሽ ፕሪንተር የራሱ ፊደል የለውም፣ ገጹ በሥዕል መልክ ተዘጋጅቶ እንዲመጣለት ይጠብቃል። ጥሬ ጽሑፍ ሲላክለት ዝም አለ።

መጨረሻ ላይ ባለ ዩኤስቢ ዶት ማትሪክስ ተገዛ። ጋሼ አልተከፋም፤ ደረሰኙ ባለ ካርቦን ነው፣ ቅጂው የሚወጣው ደግሞ ወረቀቱን በሚመታ ፕሪንተር ብቻ ነው።