ለቤት ሲኒማ የሚሆን ኮምፒውተር በአነስተኛ ወጪ፦ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ሊታዩ የሚገባቸው ነጥቦች

ሪያድ፦ ከባጥሃ በስተምዕራብ የሚገኘው የሹመይሲ ሰፈር በተለምዶ «የሹመይሲ ሆስፒታል» እየተባለ በሚጠራው የንጉሥ ሳዑድ የሕክምና ከተማ ይታወቃል። በዚህ ቀደምት የከተማ ክፍልም ሆነ በሌሎች የሪያድ ሰፈሮች በጋራ ቤት የሚኖሩ ሠራተኞች ከሥራ ሲመለሱ፣ የአገር ቤት ዜና፣ ድራማና የእግር ኳስ ጨዋታ የሚከታተሉት ብዙውን ጊዜ በአንድ ቴሌቪዥን ነው። ባለ 4ኬ ቴሌቪዥን ዛሬ ብርቅ አይደለም። ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ከቴሌቪዥኑ ጋር በሚያያዘው ኮምፒውተር ምርጫ ላይ ነው።

ለከፍተኛ ጥራት ቪዲዮ የሚያስፈልገው ውድና ኃይለኛ ኮምፒውተር አይደለም። የሚያስፈልገው የዘመኑን የቪዲዮ ዓይነቶች በራሱ ቺፕ የሚፈታ፣ ተገቢው ወደብ ያለው ኮምፒውተር ነው። ይህን ልዩነት የተረዳ ገዢ፣ ከቢሮ ተነሥቶ በሁለተኛ እጅ በሚሸጥ አነስተኛ ኮምፒውተር ከአዲስና ውድ ዕቃ ያላነሰ አገልግሎት ሊያገኝ ይችላል።

በቅድሚያ፦ 4ኬ ያስፈልጋልን?

የ4ኬ ምስል በአግድም 3840፣ በቁም 2160 ነጥቦች አሉት። ይህም በድምሩ ወደ 8.3 ሚሊዮን ነጥብ ሲሆን፣ 1920 በ1080 ከሆነው ሙሉ ኤችዲ አራት እጥፍ ነው። ይሁን እንጂ ዐይን ልዩነቱን የሚያየው ተመልካቹ በበቂ ሁኔታ ሲቀርብ ነው። መደበኛ የማየት ኃይል ያለው ሰው በ43 ኢንች ቴሌቪዥን ላይ የሙሉ ኤችዲን ነጥቦች መለየት የሚችለው ከ1.7 ሜትር ገደማ ባነሰ ርቀት ነው። ርቀቱ ለ55 ኢንች ወደ 2.2 ሜትር፣ ለ65 ኢንች ወደ 2.6 ሜትር ከፍ ይላል። አልጋውና ቴሌቪዥኑ በሦስት ሜትር በሚራራቁበት ክፍል ባለ 43 ኢንች ስክሪን ያለው ሰው ሙሉ ኤችዲ ይበቃዋል ማለት ነው።

ዩቲዩብንና በክፍያ የሚገኙ የፊልም አገልግሎቶችን ብቻ የሚከታተል ሰውም የስማርት ቴሌቪዥኑ የራሱ መተግበሪያዎች ሊበቁት ይችላሉ። ኮምፒውተር የሚጠቅመው በሃርድ ዲስክ የተጠራቀሙ የቤተሰብ ቪዲዮዎችና ፊልሞች ላሉት፣ ድረ ገጽ ለሚከፍት፣ ወይም ከቤተሰብ ጋር በትልቅ ስክሪን በቪዲዮ መነጋገር ለሚፈልግ ነው።

ወሳኙ ክፍል፦ ኮድ ፈቺው

ቪዲዮ የሚቀመጠውም ሆነ በኢንተርኔት የሚተላለፈው ተጨምቆ ነው። የመጭመቂያ ዘዴው ኮዴክ ይባላል። የተጨመቀውን ምስል በሰከንድ 24፣ 30 ወይም 60 ጊዜ ፈትቶ ማሳየት ከባድ ሥራ ነው። ይህን ሥራ ዋናው ፕሮሰሰር ብቻውን ከሠራው ይግላል፣ ማቀዝቀዣው ይጮኻል፣ ምስሉም ይቆራረጣል። በቺፑ ውስጥ ለዚሁ ተግባር ብቻ የተሠራ ኮድ ፈቺ ካለ ግን ሥራው በጥቂት ዋት ኃይል ይከናወናል።

ገዢው ሦስት ስሞችን በአእምሮው ቢይዝ ይበቃዋል። የመጀመሪያው በ2013 የጸደቀው ኤችኢቪሲ ነው፤ ኤች 265 በመባልም ይታወቃል። አብዛኞቹ የ4ኬ የፊልም ፋይሎች በዚህ የተዘጋጁ ናቸው። ሁለተኛው ጉግል በዚያው ዓመት ያወጣው ቪፒ 9 ሲሆን፣ ዩቲዩብ በሰፊው ይጠቀምበታል። ሦስተኛው በ2018 ይፋ የሆነውና በየጊዜው እየተስፋፋ ያለው ኤቪ 1 ነው። ከዚህ በተጨማሪ «10 ቢት» የሚለውን ቃል መጠየቅ ያስፈልጋል። ኤችዲአር የሚባለው በብርሃንና በቀለም የበለጸገ ምስል የሚሠራው በ10 ቢት በመሆኑ፣ 8 ቢት ብቻ የሚፈታ ቺፕ ለዚህ አይበቃም።

ትውልዱን ከስሙ ማንበብ

በኢንቴል ኮር ፕሮሰሰሮች ስም ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር መነሻ ትውልዱን ያመለክታል። አይ 5-6500ቲ ስድስተኛ፣ አይ 5-7500ቲ ሰባተኛ፣ አይ 5-8500ቲ ስምንተኛ ትውልድ ነው። ስድስተኛው ትውልድ ኤችኢቪሲን በተሟላ ሁኔታ የሚፈታው በ8 ቢት ብቻ ነው። ሰባተኛው ትውልድ ባለ 10 ቢት ኤችኢቪሲንና ቪፒ 9ን ይፈታል። ኤቪ 1 የተጨመረው ከአስራ አንደኛው ትውልድ ጀምሮ ነው። ስለዚህ የስድስተኛው ትውልድ ፈጣን አይ 7 ለዚህ ተግባር ከሰባተኛው ትውልድ ዝቅተኛ አይ 3 ያንሳል። ሻጩ «አይ 7 ነው» ብሎ ቢያሞግስ ገዢው «ስንተኛ ትውልድ?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባል።

በዝቅተኛ ዋጋ አዲስ ዕቃ ለሚፈልግ፣ በ2023 መጀመሪያ የወጣው ኢንቴል ኤን 100 ያለባቸው አነስተኛ ኮምፒውተሮች ተስማሚ ናቸው። ቺፑ አራት ኮሮች ያሉት፣ በ6 ዋት የኃይል ደረጃ የተሠራና ሦስቱንም ኮዴኮች የሚፈታ ነው። ከኤኤምዲ በኩል በ2018 የወጡት ራይዘን 3 2200ጂ እና ራይዘን 5 2400ጂ ባለ 10 ቢት ኤችኢቪሲንና ቪፒ 9ን ይፈታሉ።

አሮጌ ዴስክቶፕ ያለው ሰው አዲስ ከመግዛት ይልቅ በ2017 የወጣውን ጂቲ 1030 የግራፊክስ ካርድ መጨመር ይችላል። ካርዱ ባለ 10 ቢት ኤችኢቪሲንና ቪፒ 9ን ይፈታል፤ ኃይል የሚወስደውም 30 ዋት ያህል ነው። በመልክ የሚመሳሰሉትና በርካሽ የሚገኙት ጂቲ 710 እና ጂቲ 730 ግን ኤችኢቪሲን አይፈቱም። ራስፕቤሪ ፓይ 4 እና 5 በ4ኬ ኤችኢቪሲን በሚገባ ቢፈቱም ለቪፒ 9 እና ለኤቪ 1 ኮድ ፈቺ የላቸውም። በመሆኑም ለፋይል እንጂ ለ4ኬ ዩቲዩብ አይመከሩም።

ወደቡና ገመዱ

ቺፑ ቢፈታም ወደቡ ካላስተላለፈ ትርፍ የለውም። ኤችዲኤምአይ 1.4 የ4ኬ ምስልን በሰከንድ ቢበዛ 30 ጊዜ ብቻ ያሳልፋል። ኤችዲኤምአይ 2.0 ግን 60 ጊዜ ያሳልፋል። በሰከንድ 24 ፍሬም ለሚቀረጽ ፊልም የመጀመሪያው ሊበቃ ቢችልም፣ በእግር ኳስ ጨዋታ ላይ ኳሱ የሚዘል ይመስላል። ከሰባተኛ እስከ አስረኛ ትውልድ ያሉት አብዛኞቹ የኢንቴል ቺፖች በራሳቸው የሚሰጡት ኤችዲኤምአይ 1.4 ነው። ስለዚህ አምራቹ ተጨማሪ ቺፕ ካላከለበት በስተቀር በዲስፕሌይፖርት መጠቀም ያስፈልጋል። ዲስፕሌይፖርት 1.2 የ4ኬ ምስልን በሰከንድ 60 ጊዜ ስለሚያሳልፍ፣ ወደ ኤችዲኤምአይ 2.0 በሚለውጥ አስማሚ ከቴሌቪዥኑ ጋር ይገናኛል።

ማህደረ ትውስታ፣ ማከማቻና ሥርዓተ ክወና

ለዚህ አገልግሎት 8 ጊጋባይት ራም ይበቃል። ሥርዓተ ክወናው በኤስኤስዲ ላይ፣ ፊልሞቹ ደግሞ በውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ ቢቀመጡ ወጪው ይቀንሳል። ዲስኩ በፋት 32 ከተዘጋጀ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ የ4ኬ ፊልም ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ይበልጣል። በኤክስፋት ማዘጋጀት መፍትሔ ነው።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ የኢንቴል ስምንተኛ ትውልድንና ከዚያ በላይ ያሉትን ይጠይቃል። የሰባተኛው ትውልድ ኮምፒውተር ያለው ሰው ኮዲ የተባለውን የመዝናኛ ፕሮግራም የያዘውን ሊብሬኤሌክ በነፃ መጫን ይችላል።

ቀድመው የተጫኑ «ነፃ» ቻናሎች አሏቸው እየተባሉ በርካሽ ስለሚሸጡ ስማቸው የማይታወቅ የአንድሮይድ ሳጥኖችም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይ በጁን 2025 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ከእነዚህ ሳጥኖች አንዳንዶቹ ከመሸጣቸው በፊት ጎጂ ሶፍትዌር እንደተጫነባቸው ገልጿል። የባንክ መተግበሪያ የሚከፈትበት ስልክ ከእንዲህ ዓይነት ሳጥን ጋር በአንድ ዋይፋይ መዋሉ ለጉዳት ያጋልጣል።

የኢንተርኔት ፍጆታ

ኔትፍሊክስ ለ4ኬ በሰከንድ 15 ሜጋቢት፣ ለሙሉ ኤችዲ 5 ሜጋቢት ፍጥነት ይመክራል። በዚህ ስሌት አንድ ሰዓት 4ኬ እስከ 6.75 ጊጋባይት፣ ሙሉ ኤችዲ ደግሞ እስከ 2.25 ጊጋባይት ይወስዳል። የኢንተርኔት ክፍያን ለሚጋሩ የአንድ ቤት ነዋሪዎች የሁለት ሰዓት ፊልም ከ13 ጊጋባይት በላይ ማለት ነው። መጠኑ የተወሰነ ጥቅል ያላቸው ሰዎች በጋራ ቢስማሙበት ቅሬታ ይቀራል።

ኤሌክትሪክ፣ ሙቀትና ወደ አገር ቤት ጉዞ

በሳዑዲ ዓረቢያ የመኖሪያ ቤት ኤሌክትሪክ በወር እስከ 6000 ኪሎዋት ሰዓት ድረስ ለአንዱ ኪሎዋት ሰዓት 18 ሃላላ ነው። 60 ዋት የሚወስድ ኮምፒውተር በቀን 5 ሰዓት ቢሠራ በወር 9 ኪሎዋት ሰዓት ይጠቀማል፤ ሒሳቡ ከነግብሩ 2 ሪያል አይሞላም። ስለዚህ አነስተኛ ኃይል የሚወስድ ዕቃ የሚመረጠው ለኤሌክትሪክ ሒሳብ ሲባል ሳይሆን ለሙቀቱና ለድምፁ ነው። በሪያድ በጋ አቧራና ከ40 ዲግሪ በላይ የሆነ ሙቀት የተለመደ በመሆኑ፣ ኮምፒውተሩ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ሳይታፈን አየር በሚያገኝበት ቦታ ሊቀመጥና ማናፈሻው በየጊዜው ሊጸዳ ይገባል።

ከሁሉ በላይ ችላ የሚባለው የቮልቴጅ ጉዳይ ነው። በሳዑዲ ዓረቢያ ለረጅም ዓመታት 127 ቮልት አገልግሎት ላይ ሲውል ቆይቶ ወደ 230 ቮልት በመሸጋገር ላይ በመሆኑ፣ በአሮጌ ሕንፃዎች ሁለቱም ሊገኙ ይችላሉ። በኢትዮጵያ መስመሩ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። በኃይል መስጫው ላይ «100–240» የሚል ከተጻፈ ዕቃው በሁለቱም አገር ይሠራል። 110 ወይም 127 ብቻ የሚል ከሆነ ግን አዲስ አበባ ወይም ደሴ ላይ በቀጥታ ሲሰካ ይቃጠላል። በአሮጌ ዴስክቶፖች ኃይል መስጫ ጀርባ 115 እና 230 የሚል ቀይ ማዞሪያ ሊኖር ስለሚችል፣ ከመሰካቱ በፊት ቦታው መታየት አለበት። ለዓመታት ተቆጥቦ የተገዛ ዕቃ ቤተሰብ በተሰበሰበበት በአንድ ቅጽበት እንዳይጠፋ፣ ሻንጣ ከመታሰሩ በፊት ይህን ጽሑፍ ማንበብ ይበጃል።

በሱቅ ውስጥ መፈተሽ

በዑለያ የኮምፒውተር ገበያም ሆነ በባጥሃ ሱቆች ለመግዛት የሚሄድ ሰው፣ ባለ 10 ቢት የ4ኬ ኤችኢቪሲ ናሙና በፍላሽ ይዞ ቢሄድ መልካም ነው። ፋይሉ ሲጫወት ታስክ ማናጀር ተከፍቶ በግራፊክስ ክፍሉ «ቪዲዮ ዲኮድ» የሚለው መስመር ከፍ ካለና ፕሮሰሰሩ ረጋ ካለ ኮድ ፈቺው ይሠራል። መስመሩ ዜሮ ሆኖ ፕሮሰሰሩ ወደ 100 በመቶ ከተጠጋ ኮምፒውተሩ ለታሰበው አገልግሎት አይሆንም። በዩቲዩብ ደግሞ በቪዲዮው ላይ በቀኝ ጠቅታ «ስታትስ ፎር ነርድስ» የሚለው ሲከፈት፣ የኮዴኩ ስምና የተዘለሉ ፍሬሞች ብዛት ይታያል።

ዋጋ ሲጠየቅ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ መካተቱን ማረጋገጥ፣ ደረሰኝ መቀበልና ዕቃው ከተበላሸ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚመለስ በጽሑፍ ማስያዝ ያስፈልጋል።

በአጭሩ የግዢው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ በመጀመሪያ የክፍሉን ርቀት መለካት፤ ቀጥሎ የቺፑን ትውልድና ኮድ ፈቺውን መጠየቅ፤ ከዚያ ወደቡን ማየት፤ በመጨረሻም የኃይል መስጫውን ጽሑፍ ማንበብ። አራቱም ያለ ወጪ የሚደረጉ ናቸው፤ የሚያድኑት ግን የወራት ቁጠባ ሊሆን ይችላል።