የመንኮራኩር ጸረ-ስታቲክ ቅብ

የመንኮራኩር ጸረ-ስታቲክ ቅብ በሳተላይቶችና በሌሎች መንኮራኩሮች ውጫዊ ገጽ ላይ የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) እንዳይጠራቀም የሚያደርግ ስስ የኤሌክትሪክ አስተላላፊ ሽፋን ነው። በገጹ ላይ የሚያርፉ ኤሌክትሮኖች እዚያው ከመከማቸት ይልቅ በቅቡ አማካይነት ወደ መንኮራኩሩ ብረታዊ አካል ይፈስሳሉ።

ሙል የሚጠራቀምበት ምክንያት

በበጋ ደረቅ አየር የናይለን ሹራብ ሲወልቅ የሚሰማው የመንጣጣት ድምፅ የስታቲክ ኤሌክትሪክ ውጤት ነው። በምድር ላይ እንዲህ ያለው ሙል ቶሎ ወደ መሬት ይሄዳል። በጠፈር ግን የሚሄድበት መሬት የለም። መንኮራኩሩ የሚጓዘው ፕላዝማ በሚባል የኤሌክትሮኖችና የአዮኖች ስብስብ ውስጥ ነው። ኤሌክትሮኖች ከአዮኖች እጅግ ቀላልና ፈጣን ስለሆኑ ገጹን በብዛት ይመታሉ፤ ገጹም አሉታዊ ሙል ይይዛል። የፀሐይ ብርሃን ኤሌክትሮኖችን ከገጹ ስለሚያስወጣ ብርሃን የሚያርፍበት ወገን ሙሉን ያራግፋል፤ በጥላ ያለው ወገን ግን እንደያዘ ይቆያል። በሁለቱ መካከል የቮልቴጅ ልዩነቱ ሲበዛ ብልጭታ ይፈጠራል። ብልጭታው የኮምፒውተር ክፍሎችን ሊያሳስት፣ የሶላር ፓነልንም ሊያበላሽ ይችላል።

አደጋው የሚበዛባቸው ምህዋሮች

የመጀመሪያው ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪ.ሜ. ከፍታ ላይ ያለው የጂኦስቴሽነሪ ምህዋር ነው። እዚያ ያለ ሳተላይት በምድር ጥላ ውስጥ ሲገባ ቮልቴጁ ብዙ ሺህ አሉታዊ ቮልት ሊደርስ ይችላል። ሁለተኛው በዋልታዎች አቅራቢያ የሚያልፍ ዝቅተኛ ምህዋር ነው። በዚያ አካባቢ የአውሮራን ብርሃን የሚፈጥሩት ኤሌክትሮኖች ሳተላይቱንም ይመታሉ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ታይዩዋን የመጠቀችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 የተሰማራችው በዚህ ዓይነት ምህዋር ነበር። ክብደቷ 72 ኪ.ግ. ሲሆን መቆጣጠሪያ ጣቢያዋ በእንጦጦ ይገኛል።

የቅብ ዓይነቶች

ኢንዲየም ቲን ኦክሳይድ፦ ብርሃን አሳላፊ ስለሆነ በሶላር ሴሎች መስታወትና ሙቀትን በሚያንጸባርቁ መስታወቶች ላይ ይቀባል። ጉድለቱ ተሰባሪ መሆኑ ነው፤ የተቀባው ስስ ፕላስቲክ ሲታጠፍ ቅቡ ይሰነጠቃል።

ጀርማኒየም፦ በካፕቶን ፕላስቲክ ላይ ይቀባል። የሬዲዮ ሞገድ ስለሚያሳልፍ ለአንቴና መሸፈኛ ይመረጣል።

ካርቦን የተቀላቀለበት ጥቁር ካፕቶን፦ ካርቦኑ በፕላስቲኩ ውስጥ ስላለ እንደ ቅብ አይላጥም፤ ሆኖም የፀሐይን ሙቀት ብዙ ይስባል።

አስተላላፊ ቀለም፦ ነጩ ሙቀትን ለማንጸባረቅ፣ ጥቁሩ ሙቀትን ለማስወጣት ያገለግላል።

ቅቡ እንደ መዳብ አስተላላፊ መሆን የለበትም። በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ የሚያርፈው የኤሌክትሪክ ጅረት በአብዛኛው ከአንድ ናኖ አምፔር ስለማይበልጥ፣ ከ10⁹ ኦም በካሬ ያነሰ የገጽ ተቃውሞ እንደ በቂ ይቆጠራል። ከባዱ ነገር የመንኮራኩሩን ሙቀት፣ ብርሃን ወይም የሬዲዮ ግንኙነት ሳያውክ ጅረት የሚያሳልፍ ቅብ መምረጥ ነው።

ከአካሉ ጋር ማገናኘት

ቅቡ ከመንኮራኩሩ አካል ጋር በሽቦ ወይም በአስተላላፊ ማጣበቂያ ካልተያያዘ ሙሉ መሄጃ አያገኝም። እንዲያውም ያልተያያዘ አስተላላፊ ክፍል የያዘውን ሙል በአንድ ጊዜ ስለሚለቅ ብልጭታው ይበረታል። ለዚህ የሚጠቀሰው ምሳሌ የጃፓን ሚዶሪ-2 ሳተላይት ነው። ሳተላይቱ በዋልታዎች አቅራቢያ በሚያልፍ ምህዋር፣ 800 ኪ.ሜ. ገደማ ከፍታ ላይ ይጓዝ ነበር። ኦክቶበር 25 ቀን 2003 እ.ኤ.አ. የኃይል ምንጩ ከ6 ኪሎ ዋት ወደ 1 ኪሎ ዋት ገደማ ወረደ፤ ሳተላይቱም ከአገልግሎት ውጭ ሆነ። ምርመራው ካስቀመጣቸው ምክንያቶች አንዱ የሶላር ፓነሉን ሽቦዎች የሸፈነውና ከአካሉ ጋር ያልተያያዘው የሙቀት መከላከያ በአውሮራ ኤሌክትሮኖች ሙል መያዙ ነው።

ፍተሻ

ናሙናዎች ከመምጠቃቸው በፊት አየር በሌለው ክፍል ውስጥ ኤሌክትሮን ይረጭባቸውና በገጻቸው ላይ ያለው ቮልቴጅ ይለካል። እያንዳንዱ ሽፋን ከአካሉ ጋር መያያዙም በኦም መለኪያ ይረጋገጣል። ሳተላይቱ ከመጠቀ በኋላ የተረሳን ሽቦ ማያያዝ ስለማይቻል ይህ ፍተሻ አይዘለልም።