ከአውጫጭኝ እስከ ካሜራ፤ የቤት ጥበቃ ማስረጃ አቀማመጥና አፈላለግ

ጥበቃ ሁለት ተግባሮች አሉት። አንደኛው ጥፋት እንዳይደርስ መከላከል ሲሆን፣ ሁለተኛው ጥፋቱ ከደረሰ በኋላ ማን፣ መቼና እንዴት እንዳደረሰው መመስከር ነው። በእብናትና በአካባቢው ደጋ በሚገኝ የገበሬ ቤት ለመጀመሪያው ተግባር አጥርና ውሻ፣ መቀርቀሪያና የጎረቤት ጆሮ ሲያገለግሉ ኖረዋል። ሁለተኛው ተግባር ግን ከዚህ የሰፋ ሥርዓት የሚጠይቅ ነው። ውሻ ይጮኻል እንጂ አይመሰክርም።

ስለ ቤት መጠበቂያ ካሜራ በተነሣ ቁጥር አስቀድሞ የሚጠየቀው የምስሉ ጥራት ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው ግን በሌሎች ሁለት ጥያቄዎች ላይ ነው፤ ይኸውም የተቀረጸው ምስል እንዴት ይቀመጣል? በተፈለገ ጊዜስ ማን ፈልጎ ያገኘዋል? የሚሉት ናቸው። ጥያቄዎቹ አዲስ ይምሰሉ እንጂ አባቶቻችንም በየዘመናቸው ዘዴ መልስ ሲሰጡባቸው ኖረዋል።

ከቀድሞዎቹ ዘዴዎች አንዱ አውጫጭኝ፣ በሌላ ስሙ አፈርሳታ፣ ነበር። ጥፋት ደርሶ አጥፊው ሳይታወቅ ሲቀር የአገሬው ሰው በአንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ሽማግሎችም ሁሉንም በመሐላ ይጠይቃሉ። የቀረ ይቀጣል፤ አጥፊው ካልተገኘም ነዋሪው በጋራ ካሣ ይከፍላል። ከማስረጃ አቀማመጥ አንጻር ሲታይ፣ በአውጫጭኝ ጊዜ መዝገቡ የነዋሪው ትዝታ፣ አፈላላጊዎቹም ሽማግሎቹ ነበሩ። የአንድን ሌሊት ጉዳይ ለማወቅ ብዙ ሰው ሥራ መፍታቱ ከባድ ጉዳት ነበር። ሆኖም አንዱ የተናገረውን ሌላው በአደባባይ ሊያርመው ይችል ስለነበር፣ መዝገቡ የሚመረመር መዝገብ ነበር ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ዘዴ ሌባሻይ ነው። በዚህ ልማድ አንድ ልጅ የተዘጋጀ መድኃኒት ይጠጣና ጢስ ይስባል፤ ራሱን በሳተ ጊዜም ወገቡ ታስሮ ይለቀቃል። ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት እንደ ሌባ ተቈጥሮ የጠፋውን ንብረት ዋጋ ይከፍላል። የተወነጀለው ሰው ልጁ ለምን ወደ እርሱ ቤት እንደመጣ የሚመረምርበት አንዳችም መንገድ አልነበረውም። ልማዱ ከቀረ ዘመናት ቢያልፉም የሚያስተምረን አንድ ቁም ነገር አለ፤ ይኸውም አሠራሩ የማይታይ መሣሪያ ጣቱን ሲጠቁም ንጹሕ ሰው መከላከያ የሚያጣ መሆኑ ነው።

ትዝታን በጽሑፍ የማኖር ልማድም ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በአብያተ ክርስቲያናት የንዋያተ ቅድሳት ዝርዝርና የመሬት ስጦታ በወንጌል ባዶ ቅጠሎችና ኅዳጎች ላይ ሲጻፍ ኖሯል። ወንጌሉ የሚከበር መጽሐፍ በመሆኑ ጽሑፉ አይጣልም፤ ቦታው የታወቀ በመሆኑም ክርክር በተነሣ ጊዜ ፈልጎ ለማግኘት አያስቸግርም። መልካም አቀማመጥ ማለት ይህ ነው። የማይጠፋና የሚገኝ ማስረጃ በአንድ ቦታ ተጣምሮ ይኖራል።

ካሜራ ራሱ የጥበቃ መሣሪያ የሆነበት ታላቅ የአገራችን ምሳሌ ደግሞ የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1973 በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንና በአሜሪካ የሚኒሶታ ጠቅላይ ግዛት በሚገኘው በቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ትብብር ተጀምሮ፣ ወደ 9,000 የሚጠጉ ብራናዎች በፊልም ተነሥተዋል። ዶክተር ዊልያም ማኮምበርና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ያዘጋጁት ባለ 10 ጥራዝ የታተመ ዝርዝር የሚሸፍነው ግን 5,000ዎቹን ነው። እንግዲህ ማንሣት ከመዘርዘር ምን ያህል እንደሚፈጥን ከዚህ መረዳት ይቻላል። ያልተዘረዘረ ፊልም ከጥፋት ቢድንም ለፈላጊው ገና ሩቅ ነው።

በውጭው ዓለም የጥበቃ ካሜራ ታሪክ ሲቃኝም ይኸው ችግር ጎልቶ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1942 በጀርመን አገር በፔነሙንደ የሮኬት መተኮሻ ጣቢያ የተተከለው ዝግ የቴሌቪዥን መስመር በርቀት ለማየት ብቻ የሚያገለግል ነበር፤ ያለፈው ምስል ተመልሶ አይታይም። ምስልን በመግነጢስ ክር የሚቀርጸው የአምፔክስ መሣሪያ የተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ወደ አገራችን በገባበት ዘመን አካባቢ፣ በኒው ዮርክ የምትኖር ሜሪ ቫን ብሪታን ብራውን የተባለች ነርስ ከባለቤቷ ጋር የቤት መጠበቂያ መሣሪያ ንድፍ አዘጋጀች። ማመልከቻዋን እ.ኤ.አ. በ1966 አቅርባ በ1969 የፈጠራ መብት ተሰጣት። በንድፉ መሠረት ካሜራው በበሩ ላይ በአራት ቀዳዳዎች ፊት ከፍ ዝቅ ይላል፤ የቤቱ ባለቤት ከውስጥ ሆና እንግዳውን ታያለች፣ ታነጋግራለች፣ በሩን በርቀት ትከፍታለች ወይም የአደጋ ጥሪ ታሰማለች። ንድፉ የተነሣው ብቻዋን ቤት ከምታመሽ ሴት ችግር ስለሆነ አጠቃቀሙም ለእርሷ የተመቸ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቪ.ኤች.ኤስ. የተባለው የቪዲዮ ካሴት እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ ቀረበ። የጥቂት ሰዓት ካሴት ሙሉ ቀን እንዲያገለግል የተፈለገ እንደሆነ በየሴኮንዱ የሚቀረጹትን ምስሎች ቁጥር መቀነስ ግድ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1996 የስዊድኑ አክሲስ ኩባንያ የመጀመሪያውን የኔትወርክ ካሜራ አወጣ፤ ማስቀመጫውም ከካሴት ወደ ሃርድ ዲስክና ወደ ሚሞሪ ካርድ ተሸጋገረ። መሣሪያው ረቀቀ፤ ምን ያህል እናስቀምጥ? እንዴትስ እናገኘዋለን? የሚለው ጥያቄ ግን ባለበት ቆየ።

ሒሳቡን በአጭሩ እንመልከት። በሴኮንድ 2 ሜጋቢት የሚልክ አንድ ካሜራ በሰዓት 0.9 ጊጋባይት፣ በቀን 21.6 ጊጋባይት ይሞላል። ስለዚህ 128 ጊጋባይት ካርድ ስድስት ቀን እንኳ አይሞላም። አራት ካሜራዎች ሲሆኑ የአንድ ቴራባይት ዲስክ ዕድሜ 11 ቀን ተኩል ገደማ ነው። ቦታው ሲሞላ መሣሪያው አሮጌውን እያጠፋ በላዩ ይጽፋል። የእብናት ሰው ለዘመድ ለቅሶ ሄዶ ሳምንት ቆይቶ ቢመለስ፣ በሄደበት ማግስት የተፈጸመው ስርቆት ከካርዱ ጠፍቶ ይጠብቀዋል። እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ እንዲቀርጽ ማድረግ ቦታ ይቆጥባል፤ ነገር ግን ውሻውም፣ ነፋስ የሚያወዛውዘው ቅርንጫፍም፣ ዝናቡም እንቅስቃሴ ናቸውና የካሜራው አቅጣጫ በጥንቃቄ መመረጥ አለበት።

ከቦታው ይበልጥ አሳሳቢው ሰዓቱ ነው። መሣሪያው የሚቈጥረው በፈረንጅ ሰዓትና በፈረንጅ ቀን ነው። ለምሳሌ አንድ ቤት ማክሰኞ ሌሊት በ7 ሰዓት ተሰረቀ እንበል። ባለቤቱ የማክሰኞን ቅጂ ከፍቶ ከ12 ሰዓት ቈጠራ ውስጥ 7፡00ን ይፈልጋል፤ ጨለማም ስለሆነ ያገኘው ትክክል ይመስለዋል። ያገኘው ግን የማክሰኞን ምሽት 1 ሰዓት ነው፤ በዚያ ሰዓት በሩ ላይ የምትታየው እሳት ልትጭር የመጣች ጎረቤት ናት። እውነተኛው ሌባ ያለው በረቡዕ ቀን 01፡00 ላይ ነው፤ የመሣሪያው ቀን የሚለወጠው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነውና። ቋንቋችን «ለረቡዕ አጥቢያ» የሚል ጥንቁቅ አነጋገር ያለው ለዚሁ ነበር። በዚህ ላይ መብራት ጠፍቶ የሰዓቱ ባትሪም የደከመ እንደሆነ፣ አንዳንዱ መሣሪያ ወደ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ ማለትም ወደ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1970፣ ይመለሳል። እንዲህ ያለው ምስል ሰው ያሳያል እንጂ ጊዜውን አይመሰክርም።

የጎረቤቲቱ ዕጣ በሌባሻይ ዘመን ከተወነጀለው ሰው ዕጣ በምን ይለያል? ምስሉ ጥርት ያለ በመሆኑ ክሱን ይበልጥ ያከብደዋል፤ የተሳሳተው ግን አፈላለጉ ነው። የመጠቀሚያው ገጽ በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ ምልክቶቹም ሳይብራሩ ሲቀሩ፣ ቤት የሚውሉት እናት ተመልካች መሆናቸው ይቀርና የሌላ ሰው ቃል ተቀባይ ይሆናሉ። ካሜራውን የገዛው ልጃቸው ደብረ ታቦር ወይም አዲስ አበባ የሚኖር ከሆነ፣ መዝገቡ ያለው በቤታቸው፣ ቁልፉ ግን በሌላ እጅ ነው።

ስለሆነም የማኅበራችን አባላት ሥራ ካሜራውን ግድግዳ ላይ በማሰር የሚያበቃ ሊሆን አይገባም። ሰዓቱ በ24 ሰዓት ቈጠራ ተስተካክሎ፣ ከ18፡00 እስከ 06፡00 ያለው በአገራችን ሰዓት ስንት እንደሆነ የሚያሳይ የአማርኛ ሠንጠረዥ ከመሣሪያው አጠገብ መለጠፍ አለበት። ምስሉ ለስንት ቀን እንደሚቆይ ለባለቤቱ በቁጥር ይነገረው፤ ጥፋት ሲደርስም የመጀመሪያው እርምጃ ቅጂውን ሳይጠፋ ለብቻ ማውጣት መሆኑን ይረዳ። ባለሙያው ከመሰናበቱ በፊት ቤት የሚውለው ሰው የትናንትን አንድ ደቂቃ ራሱ ፈልጎ እንዲያገኝ ያድርግ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰው መረጃ ካስፈለገበት ጊዜ በላይ እንዳይከማች ስለሚሻ፣ «ብዙ ማስቀመጥ» ራሱን የቻለ ጥቅም ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

ከሁሉም በላይ፣ በምስል ተከሰሰ የተባለ ሰው ምስሉን፣ ሰዓቱንና ቀኑን ከሽማግሎች ወይም ከሕግ ሰዎች ጋር ሆኖ አይቶ ለመከራከር መቻል አለበት። አውጫጭኝ በአደባባይ ይሰጠው የነበረውን ይህን ዕድል ካሜራው እንዳይነሣው የሚያደርገው መሣሪያውን የተከለው ባለሙያ ነው።