ዘውዱን ያስጠበቀ ሕመም

ሹመት በአዋጅ ይነገራል፤ ቀን ይቆረጥለታል፤ ድግስ ይደገስለታል፤ እንግዳ ይጠራለታል። ይህ ሁሉ ተሰናድቶ ካበቃ በኋላ ተሿሚው ከአልጋ መነሣት ቢያቅተው ግን የሥነ ሥርዓቱ ግርማ በአንድ ደካማ ሥጋ ላይ የቆመ እንደነበር ይጋለጣል። በ1894 ዓ.ም. ሰኔ ወር በለንደን ከተማ የሆነው ይኸው ነው። ፀሐይ አይጠልቅበትም ይባል የነበረው የብሪታኒያ ግዛት ለአዲሱ ንጉሥ ዘውድ ሊጭን ሁለት ቀን ሲቀረው ንጉሡ በሆድ ሕመም ወደቁ። ሕመሙ የአንድ ሰው ነበር፤ ጦሱ ግን ከቤተ መንግሥት እስከ ሆቴል ማድቤት፣ ከፍርድ ቤት እስከ ቲያትር አዳራሽ፣ ከለንደን ድሆች እስከ ሐረሩ ገዥ እስከ ራስ መኰንን ድረስ የብዙዎችን ዕቅድ አናጋ።

ንግሥት ቪክቶሪያ ከ63 ዓመት በላይ ነግሠው ጥር 14 ቀን 1893 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ ልጃቸው ኤድዋርድ የ59 ዓመት ሰው ነበሩ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ያሳለፉት በአልጋ ወራሽነት ነው። እናታቸው የመንግሥቱን ምሥጢር ለረጅም ጊዜ ስላራቁባቸው ልዑሉ በፈረስ እሽቅድምድም፣ በአደን፣ በግብዣና በቲያትር ቤት ዘመናቸውን እንደፈጁ የታወቀ ነው። በብሪታኒያ ሕግ ዙፋኑ ለአንድ ቀን እንኳ ባዶ ስለማይውል ኤድዋርድ እናታቸው ባረፉበት ዕለት ንጉሥ ሆነዋል። ይሁን እንጂ ቅብዐ መንግሥቱ፣ ቃለ መሐላውና ዘውዱ ሳይፈጸሙ ሥራው በሕዝብ ፊት እንደ ተጀመረ አይቆጠርም ነበር። የሐዘኑ ወራትና በደቡብ አፍሪካ ከቦዌሮች ጋር ይካሄድ የነበረው ጦርነት በዓሉን አዘገዩት። የሰላም ውሉ ግንቦት 23 ቀን 1894 ዓ.ም. ተፈረመ። ለበዓሉ የተቆረጠው ቀን ሰኔ 19 (እ.ኤ.አ. ጁን 26 ቀን 1902) ነበርና ጊዜው የገጠመ መሰለ።

ለንደን እንደ ትልቅ የቲያትር መድረክ ተሰናዳች። ንጉሡ በሚያልፉባቸው ጎዳናዎች ዳርና ዳር ለተመልካች የሚሆኑ የእንጨት ሰገነቶች ተተከሉ። መስኮታቸው ወደ ጎዳናው የሚያይ ቤቶች የወር ኪራይ የማይደርስበት ዋጋ ለሁለት ቀን ተጠየቀባቸው። ከየአገሩ መሳፍንትና መልእክተኞች ጎረፉ። ከእነዚህም አንዱ የአፄ ምኒልክ እንደራሴ ሆነው የሄዱት የዐድዋው ጀግና ራስ መኰንን ነበሩ። የባቡሩ ሐዲድ ገና ድሬዳዋ ባልደረሰበት በዚያ ዘመን ጉዞው ቀላል አልነበረም። ኢትዮጵያና ብሪታኒያ ከሱዳን ጋር ያለውን የወሰን ውል አዲስ አበባ ላይ የተፈራረሙት ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ስለነበር ይህ መልእክት ከደስታ መግለጫነት ያለፈ ትርጉም ነበረው።

ንጉሡ የታመሙት በሰኔ መጀመሪያ ሳምንት ነው። ቤተ መንግሥቱ ግን ሕመሙን ደበቀ፤ የወገብ ቁርጥማት ነው ተብሎ ተነገረ። ኤድዋርድ ሰኔ 16 ቀን ወደ ለንደን ተመልሰው፣ ሥቃዩን ዋጥ አድርገው እንግዶቻቸውን ተቀበሉ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው የአበው ብሂል በቤተ መንግሥትም በጎጆም እኩል ይሠራል። በማግስቱ ጠዋት ሐኪሞቹ ተሰብስበው ሲመረምሩ በትርፍ አንጀት ዙሪያ መግል መቋጠሩን አረጋገጡ። መግሉ ሆድ ውስጥ ቢፈነዳ ሞት መሆኑ የታወቀ ነበር።

ቢላዋውን የያዘው ሰር ፍሬድሪክ ትሪቭስ ነው። «የዝሆኑ ሰው» ተብሎ በኋላ በቲያትርና በፊልም የታወቀውን ጆሴፍ ሜሪክን በለንደን ሆስፒታል የተንከባከበው ሐኪም እርሱ ነበር። ትርፍ አንጀት የዚህ ሁሉ ሥቃይ ምንጭ መሆኑን አሜሪካዊው ሐኪም ሬጂናልድ ፊትዝ አብራርቶ ከጻፈ ገና 16 ዓመት ቢሆነው ነው። ቀዶ ሕክምናው ያስፈራ ነበር፤ ብዙ ሐኪሞችም ሕመሙ እስኪበርድ መጠበቅን ይመርጡ ነበር። ትሪቭስ የዚህ በሽታ ሊቅ ሆኖ ሳለ በ1900 እ.ኤ.አ. የገዛ ሴት ልጁን የነጠቀው ይኸው በሽታ ነው። ስለዚህ በንጉሡ አልጋ አጠገብ የቆመው ሰው መዘግየት ምን እንደሚያስከፍል ከመጽሐፍ ብቻ የተማረ አልነበረም። ንጉሡ ሕዝቡን ማሳዘን እንደማይገባቸው፣ ወደ ገዳሙም መሄድ እንዳለባቸው ተከራከሩ። ትሪቭስ ሄደው የሚገቡት ሬሳ ሆነው እንደሚሆን ቁርጡን እንደነገራቸው ይተረካል። የቁስል መመረዝን መከላከልን ለዓለም ያስተማረው አዛውንቱ ጆሴፍ ሊስተርም ከተማከሩት ሐኪሞች አንዱ ነበር። ሰኔ 17 ቀን እኩለ ቀን ላይ በባኪንግሃም ቤተ መንግሥት በአንድ ክፍል ውስጥ መግሉ ተከፍቶ ፈሰሰ፤ ትርፍ አንጀቱ ግን አልወጣም። በማግስቱ ንጉሡ አልጋቸው ላይ ቀና ብለው ሲጋራ ሲያጨሱ ታዩ።

ወሬው ዌስትሚንስተር ገዳም ሲደርስ የበዓሉ ልምምድ እየተካሄደ ነበር። የዘውዱ መዝሙር ቆመና ልምምዱ ለታማሚው ወደሚደረግ ምሕላ ተለወጠ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቤተ መንግሥቱ መደበቁን ተወ። የሐኪሞቹ መግለጫ በአጥሩ በር ላይ እየተለጠፈ፣ ሕዝቡ ተሰልፎ እያነበበ፣ የንጉሥ ገላ ሁኔታ የአደባባይ ጉዳይ ሆነ።

የመዘግየቱን ዕዳ ማን ከፈለ? መልሱ ከገዳሙ ውጭ ይገኛል። ሴዛር ሪትዝ ከስዊዘርላንድ ገበሬ ቤተሰብ ተወልዶ፣ በአስተናጋጅነት ጀምሮ፣ የዘመኑ ስመ ጥር የሆቴል ሰው ለመሆን የበቃ ነው። በካርልተን ሆቴል ለዘውዱ ሰሞን ድግሱን ሲያሰናዳ ሰንብቶ ነበር። የበዓሉን መዘግየት በሰማበት ዕለት ራሱን ስቶ ወደቀ፤ አእምሮውም ከዚያ በኋላ በቅጡ አልተመለሰለትም። ሥራው በባልደረባው በታላቁ ወጥ ቤት አዋቂ በኦጉስት ኤስኮፊየ ጫንቃ ላይ ወደቀ። የንጉሡ ሕመም በሳምንታት ሲድን የአስተናጋጁ ሕመም እስከ ዕለተ ሞቱ አልለቀቀውም።

በዋትፎርድ ከተማ ደግሞ የተዘጋጀው ፈንጠዝያ በመቅረቱ የተቆጣ ሕዝብ ሰኔ 19 ቀን ማታ የሱቆችን መስኮት ሰባበረ፤ ዕቃም ዘረፈ። ኤድዋርድ ለለንደን ድሆች ያዘዙት ግብር ግን ሳይታጠፍ ሰኔ 28 ቀን ተካሄደ። ንጉሡ ገና በአልጋ ላይ ሳሉ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በከተማው አዳራሾችና ትምህርት ቤቶች ተቀምጦ በላ። የዓለም ሀብት በሚጎርፍባት ከተማ ለአንድ ቀን ምሳ ብሎ የሚሰለፍ ይህን ያህል ሕዝብ መገኘቱ፣ ሰልፉና ሰገነቱ ሸፍነውት የነበረውን እውነት አደባባይ አወጣው።

ሌላው ክርክር ዳኛ ፊት ቀረበ። ሄንሪ የተባለ ሰው ሰልፉን ለማየት ሲል ፓል ማል በተባለው ጎዳና የሚገኘውን የክሬልን ቤት ለሁለት ቀን በ75 ፓውንድ ተከራይቶ 25 ፓውንድ ቀብድ ከፍሎ ነበር። ሰልፉ ሲቀር ቀሪውን 50 ፓውንድ አልከፍልም አለ። የይግባኙ ፍርድ ቤት በ1895 ዓ.ም. የውሉ መሠረት ሰልፉ ስለነበረና እርሱም ስለቀረ ሄንሪ ቀሪውን ለመክፈል አይገደድም ሲል ወሰነ። ሃተን የተባለው ሰው ግን የጦር መርከቦቹን ሰልፍ ለመመልከትና በመርከቦቹ ዙሪያ ለመዘዋወር በ250 ፓውንድ ጀልባ ተከራይቶ ነበርና ተፈረደበት፤ ንጉሡ ባይመጡም መርከቦቹ እዚያው ስለነበሩ መዘዋወሩ ይቻል ነበር ተባለ። በቀጣዩ ዓመት ቻንድለር የተባለው ተከራይ ከ141 ፓውንድ በላይ ከሆነው ኪራይ 100 ፓውንድ ከፍሎ ሳለ፣ ቀሪው ሊከፈል የሚገባው ሰልፉ ከመሰረዙ በፊት ነበር ተብሎ እንዲጨምር ተፈረደበት። አንድ ሕመም፣ አንድ ሰልፍ፣ ሦስት የተለያየ ዕጣ! ይህን ዓይነቱን መዛባት ለማቃናት የብሪታኒያ ምክር ቤት ሕግ ያወጣው በ1943 እ.ኤ.አ. ነው። የእነዚህ ሰዎች ክርክር ዛሬም በሕግ ትምህርት ቤቶች ይጠናል።

ኪነ ጥበቡም ጠበቀ። አቀናባሪው ኤድዋርድ ኤልጋር ለንግሡ ያዘጋጀው ታላቅ የመዘምራንና የሙዚቃ ጓድ ድርሰት በኮቨንት ጋርደን ኦፔራ ቤት ሰኔ 23 ቀን ሊቀርብ ተወስኖ ነበር፤ ቀረና በመስከረም ወር ሼፊልድ በተባለችው የብረት ሠራተኞች ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማ። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የፈረንሳዊው የፊልም ጥበብ አባት የጆርጅ ሜሊየስ ሥራ ነው። ካሜራ ወደ ገዳሙ እንደማይገባ የተረዳው የፊልም ነጋዴ ቻርለስ ኧርባን፣ ሜሊየስ ሥርዓተ ንግሡን አስቀድሞ በፓሪስ አጠገብ በሞንትሬይ እንዲሠራው አደረገ። ገዳሙ በሸራ ተሣለ፤ ንጉሡን ሆኖ የተጫወተው የልብስ ማጠቢያ ቤት ሠራተኛ ነበር። እውነተኛው ንጉሥ በአልጋ ላይ ሳሉ የልብስ አጣቢው ቤት ሠራተኛ ዘውዱን ጭኖ ጨርሷል። ፊልሙ እውነተኛው ንግሥ እስኪፈጸም ተቀምጦ ቆይቶ በዚያው ዕለት ማታ በለንደን አልሃምብራ ቲያትር ታየ። እውነተኛው ሥርዓት ለታማሚው ሲባል አጥሮ ነበርና፣ ኤድዋርድ ፊልሙን ካዩ በኋላ ካሜራው ያልተደረገውን ጭምር ማንሣቱ ድንቅ ነው ብለው መሣቃቸው ይነገራል።

አብዛኞቹ የውጭ አገር መልእክተኞች ውክልናቸውን ለአምባሳደሮቻቸው እየተዉ ወደየአገራቸው ተመለሱ። ራስ መኰንን ግን የተላኩበትን ሳይፈጽሙ በምኒልክ ፊት መቆም አልፈለጉምና ለንደን ቆዩ። ስድስት ሳምንት የሚያህል ጊዜ ነው። ለአንድ የጦር አለቃና የሰፊ ግዛት ገዥ መጠበቅ ከዘመቻ የማይተናነስ ፈተና መሆኑ አያጠራጥርም። ሆኖም በዚያ ዘመን አፍሪካውያን በአውሮፓ ቤተ መንግሥት የሚቀርቡት እንደ ተገዢ በሆነበት ጊዜ፣ የነጻ አፍሪካዊ መንግሥት መልእክተኛ እስከ ፍጻሜው በቦታው መገኘቱ ብቻውን ንግግር ነበር።

ንጉሡ በንጉሣዊት መርከባቸው ላይ በባሕር አየር አገገሙና ነሐሴ 3 ቀን 1894 ዓ.ም. (ኦገስት 9 ቀን 1902) ዘውዱን ጫኑ። አጀማመሩ ያለ ሳንካ አላለፈም። መዘምራኑ የሂዩበርት ፓሪን የመግቢያ መዝሙር ንጉሡ ገና ሳይገቡ ዘምረው ስለጨረሱ ድጋሚ መዘመር ግድ ሆነባቸው። ዘውዱን የጫኑት የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ፍሬድሪክ ቴምፕል የ80 ዓመት አዛውንት፣ ዓይናቸውም የደከመ ነበር። የሚያነቡት ጽሑፍ በትልልቅ ፊደል ተጽፎላቸው ሳለ ዘውዱን ፊቱን ወደ ኋላ አድርገው ደፉት። ተንበርክከው ታማኝነታቸውን ከገለጹ በኋላም መነሣት አቃታቸው። ከስድስት ሳምንት ገደማ በፊት ከሞት አፋፍ የተመለሱት ንጉሥ እጃቸውን ዘርግተው ሊቀ ጳጳሱን ደግፈው አነሡ። ያ ሁሉ ወርቅና ቀይ ከፋይ በተሰበሰበበት አዳራሽ ሰው ለሰው የሠራው ሥራ ይኸው ነበር። ቴምፕል ዓመቱ ሳይጠባ አረፉ።

ከዚህ ጋር የአገራችንን ታሪክ ማነጻጸር ይጠቅማል። ለንደን ላይ በአጥር የተለጠፈው የሐኪም ወረቀት አዲስ አበባ ላይ አልነበረም። አፄ ምኒልክ ሕመሙ ደጋግሞ ሲጠናባቸው በ1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አደረጉ፤ እንደራሴ የሆኑት ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደውም በ1903 ዓ.ም. ሞቱ። ንጉሠ ነገሥቱ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሞታቸው ለሕዝብ አልታወጀም። ልጅ ኢያሱም ዘውድ ሳይጭኑ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረዱ። አንደኛው መንግሥት ሕመሙን ዘግይቶም ቢሆን በመናገሩ በዓሉን አራዝሞ ሥራውን ቀጠለ፤ ሌላው ሕመሙንና ሞቱን በመሸሸጉ ሥልጣኑ ለዓመታት ለሐሜትና ለሽኩቻ ተጋለጠ። እርግጥ የሁለቱ መንግሥታት አቋም ልዩ ልዩ ነበር፤ አንደኛው ምክር ቤትና ሚኒስትሮች የሚያስኬዱት በመሆኑ ንጉሡ ቢተኙም ሥራው አይተኛም ነበር። ልዩነቱም ዋናው እዚህ ላይ ነው።

ኤድዋርድ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት የማይሞላ ጊዜ ነገሡና ሚያዝያ 28 ቀን 1902 ዓ.ም. ሞቱ። ራስ መኰንን ከእርሳቸው ቀድመው በ1898 ዓ.ም. አርፈዋል። ሪትዝ በ1918 እ.ኤ.አ. ሲሞት የለንደኑን ሰኔ የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነበር። የእንጨቱ ሰገነት ፈርሶ ተሸጠ፤ መዝሙሩ ተዘመረ፤ ፊልሙ እስከ ዛሬ ይታያል። የቀዶ ሕክምናው ዝና ግን ከሁሉ ይበልጥ ለተራው ሰው ጠቀመ፤ ንጉሥ የዳነበት ቢላዋ ተብሎ ሕዝቡ የትርፍ አንጀት ሕክምናን መፍራት እየተወ ሄደ። ለትሪቭስ ልጅ ሳይደርስላት የቀረው ዕውቀት ለሌሎች ልጆች ደረሰ።