የልብ ሚትራል ቫልቭ ሕመም ምንድን ነው? ሕክምናውስ?

ሚትራል ቫልቭ በግራ በኩል ባሉት ሁለት የልብ ክፍሎች መካከል የሚገኝ በር ነው። ሁለቱ ስስ ክንፎቹ ከሳንባ የመጣውን ደም ለማሳለፍ ይከፈታሉ፤ ልብ ደሙን ወደ ሰውነት ስትረጭ ደግሞ ደሙ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ይዘጋሉ።

ቫልቩ ሲጠብ ደም እንደልብ አያልፍም፤ በደንብ መግጠም ሲያቅተው ደግሞ ደም ወደ ኋላ ይፈስሳል። በአንዳንድ ታማሚዎች ላይ ሁለቱም ይታያሉ። የትንፋሽ ማጠር፣ ድካም፣ የልብ ምት መዛባትና የእግር እብጠት ዋና ዋና ምልክቶቹ ናቸው። የጉዳቱ መጠን የሚታወቀው በልብ አልትራሳውንድ ምርመራ ነው።

መንስኤው ምንድን ነው?

በምሥራቅ አፍሪካ በልጆችና በወጣቶች ላይ ቫልቩን በዋነኛነት የሚጎዳው ሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። በስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ የሚመጣ የጉሮሮ ሕመም በወቅቱ ካልታከመ፣ ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል የሚሰጠው ምላሽ የገዛ ቫልቩን ሊያቆስል ይችላል።

መድኃኒት ምን ያደርጋል?

መድኃኒት የተጎዳን ቫልቭ አይጠግንም፤ ሕመሙን ግን ያቀልላል። ሽንት የሚያበዙ መድኃኒቶች በሳንባ የተጠራቀመውን ፈሳሽ ይቀንሳሉ። በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚሰጥ የፔኒሲሊን መርፌ ሕመሙ እንዳያገረሽ ይከላከላል። የልብ ምታቸው ለተዛባ ታማሚዎች ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ዋርፋሪን ይታዘዛል። በአውሮፓውያኑ 2022 ይፋ የሆነ ሰፊ ጥናት፣ ሩማቲክ የልብ ሕመም ላለባቸው እነዚህ ታማሚዎች ከአዲሱ ሪቫሮክሳባን ይልቅ የቆየው የዋርፋሪን ሕክምና የተሻለ መሆኑን አሳይቷል።

ደረት ሳይከፈት

የጠበበ ቫልቭ በፊኛ ሊሰፋ ይችላል። ጃፓናዊው ሐኪም ካንጂ ኢኖዌ እና ባልደረቦቻቸው በ1984 ይፋ ባደረጉት በዚህ ዘዴ፣ ከብሽሽት የደም ሥር የገባ ቀጭን ቱቦ ፊኛውን እስከ ቫልቩ ያደርሳል። ቫልቩ እጅግ ከጠነከረ ወይም ብዙ ደም ወደ ኋላ የሚያፈስ ከሆነ ግን ዘዴው አይመረጥም። ደም ለሚያፈስ ቫልቭ፣ ቀዶ ሕክምና ለሚከብዳቸው አንዳንድ ታማሚዎች፣ ክንፎቹን በመቆንጠጫ ማያያዝ ይቻላል።

ቀዶ ሕክምና

ሐኪሞች ከተቻለ የታማሚውን የራሱን ቫልቭ መጠገን ይመርጣሉ። ካልሆነ በሰው ሠራሽ ይተካል። ከብረትና ከካርቦን የሚሠራው ለረዥም ዓመታት ያገለግላል፤ ሆኖም ዕድሜ ልክ ዋርፋሪን መውሰድና ተከታታይ የደም ምርመራ ማድረግን ይጠይቃል። ከእንስሳት ሕብረ ሕዋስ የሚሠራው ይህ ግዴታ አብዛኛውን ጊዜ የለበትም፤ ነገር ግን በተለይ በወጣቶች ላይ ቶሎ ስለሚያረጅ ሌላ ቀዶ ሕክምና ያስከትላል።

ምርጫው መውለድ ለሚፈልጉ ሴቶች ይበልጥ ይከብዳል፤ ዋርፋሪን ፅንስን ሊጎዳ ይችላልና። መድኃኒቱን በራስ ውሳኔ ማቋረጥ ደግሞ ደም በቫልቩ ላይ እንዲረጋ በማድረግ ሕይወትን ለአደጋ ያጋልጣል። ስለዚህ ከእርግዝና በፊት ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል።