ጥበብና ጠቢብ፦ የአንድ ቃል ሁለት ዕድል

በሰሜን አዲስ አበባ በጉለሌ፣ በተለይም በሽሮ ሜዳ አካባቢ፣ ሸማኔው እግሩን ከጉድጓዱ ከትቶ፣ መወርወሪያውን በድሩ መካከል እያመላለሰ በነጠላው ጠርዝ ላይ የሚያወጣው ጌጥ «ጥበብ» ይባላል። ይኸው ቃል በቅዱስ መጽሐፍ የሰሎሞንን ማስተዋል፣ በዘመናዊው ትምህርት ቤት ደግሞ የሠዓሊውንና የባለቅኔውን ሙያ ይጠራል። ቃሉ ይህን ሁሉ ፍቺ አቅፎ መገኘቱ በአጋጣሚ አይደለም።

ሥሩ የግዕዙ «ጠበበ» ሲሆን፣ ትርጉሙ ብልህ ሆነ፣ ዐወቀ ማለት ነው። የስፋት ተቃራኒ የሆነው ግሥ በግዕዝ «ጸበበ» ነው፤ ሁለቱ በአማርኛ የተመሳሰሉት «ጸ» ወደ «ጠ» በመለወጡ ብቻ ነው። ዐረቦች ሐኪሙን «ጠቢብ» ይሉታል። ጀርመኖችም ኪነ ጥበብን የሚጠሩበት «ኩንስት» የተባለው ቃላቸው መቻል ከሚል ግሥ የተገኘና ጥንት ዕውቀትን ጭምር የሚያመለክት ነበር። እንግዲህ ቋንቋ ማወቅንና በእጅ መሥራትን አልለየም።

የለየው የኅብረተሰቡ ሥርዓት ነው። ብረት ቀጥቃጩ «ጠቢብ»፣ በሕዝቡም አንደበት «ጠይብ» ሲባል፣ የብልኅነት ስም ወደ ስድብነት ተለወጠ፤ ባለ እጁም ቡዳ ተብሎ ተፈራ፣ ተገለለም። ሰዳቢው ገበሬ ግን ያለ ቀጥቃጩ ማረሻ አያርስም፤ መኳንንቱም ያለ እርሱ ጦር አይዘምቱም ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው፣ ንቀቱ ምን ያህል ሥር እንደ ሰደደ ያስረዳል። አዋጅ ግን ልማድን በአንድ ጀምበር አይነቅልም።

ንቀቱ ከሥራው ባሕርይ የመነጨ አለመሆኑን የጉለሌ ሸማኔዎች የትውልድ አገር ይመሰክራል። ብዙዎቹ በመጡበት በጋሞ ደጋ፣ በዶርዜ፣ ሽመና ባለ መሬቱ ዜጋ ሳያፍር የሚሠራው ሥራ ነበር፤ የሚገለሉት ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው ነበሩ። ያው ሸማኔ ወደ መሀል አገር ሲመጣ በያዘው መወርወሪያ ተናቀ። እጁ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ፈራጁ ነው።

ዛሬ «የጥበብ ሰው» ሲባል በክብር የሚነሣው ሠዓሊው፣ ተዋናዩና ደራሲው ነው። ይህ የክብር ስም ግን ለዘመናት በስድብነት ተሸክሞት የኖረ ሌላ ባለቤት አለው። ቃሉ ሙሉ ፍቺውን የሚያገኘው ሸማኔውና ቀጥቃጩ ከባለቅኔው እኩል ሲጠሩበት ነው።